ዋግ፣ ሲናርና የእንሰት ቢላ፦ ከአሰላ እስከ ይርጋጨፌ የተያዘ የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ፦ ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ

መስቀል ካለፈ በኋላ ያለው ሰሞን የስንዴ ማሳ ለማየት ጥሩ ጊዜ ነው። በአርሲ ብዙው ስንዴ ዛላ አውጥቷል፤ ፍሬው ግን ገና አልጠነከረም። ዋግ የሚባለው የስንዴ የሻጋታ በሽታ ካለ አሁን ይታያል፤ ከታየም ገና የሚደረግለት ነገር አለ። አብራኝ የምትጓዘው ጓደኛዬ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ናት። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ለአሰሳ ትወጣለች። ዘንድሮ አብሬያት እንድሄድ ጠየቅኳት፤ እሺ አለችኝ።

ከሞጆ እስከ አዳማ ዓይኔ ከመንገዱ ዳር አልተነሳም። ጥቃቅን ነጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ የተበጣጠሰ አረም አስፋልቱን ተከትሎ ተሰልፏል። ፓርቲኒየም ነው፤ ብዙ ቦታ የቅንጬ አረም ይሉታል። የትውልድ ቦታው የአሜሪካ አህጉር ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 በድሬዳዋና በሐረርጌ አካባቢ ነው። በድርቁ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር ገብቷል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። አንዱ ተክል ብቻ 15 ሺህና ከዚያ በላይ ዘር ያፈራል። ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ያብባል። ዘሩ በጎማ ጭቃ፣ በአሸዋ ጭነት፣ በጎርፍና በከብት እግር ይሄዳል። መንገድ ዳር የሚበዛው ለዚህ ነው። ከመንገድ ዳር ወደ ግጦሽ፣ ከግጦሽ ወደ ጤፍና ማሽላ ማሳ ይገባል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል።

ከአዳማ እንደወጣን ሴቶች በባዶ እጃቸው ሲነቅሉት አየን። ጓደኛዬ መኪናውን አቁማ ወረደች። አረሙ ቆዳ ያሳክካል፤ አንዳንዱንም ሰው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ጓንት ከሌለ ቢያንስ ፌስታል እጃችሁ ላይ እሰሩ አለቻቸው። ሌላው ምክሯ ስለ ጊዜው ነበር። መንቀል ያለባቸው ሳያብብ፣ ዝናብ ጥሎ አፈሩ እንደለሰለሰ፣ ከነሥሩ ነው። አብቦ የተነቀለውን መንገድ ዳር መጣል ዘሩን ራስ እንደ መዝራት ነው።

በኢተያ አድርገን አሰላ ስንደርስ መሽቶ ነበር።

ረቡዕ፦ ቁሉምሳና አካባቢው

ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ማሳ ገባን። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ከአሰላ አጠገብ ነው፤ የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና ማዕከል ነው። እኛ ግን የሄድነው ወደ ገበሬዎች ማሳ ነው።

ጓደኛዬ ከዳር አትጀምርም። ወደ መሐል ትገባለች፤ ጥቂት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፤ አጎንብሳ የታችኛውን ቅጠል ትገልጣለች። ከዳር የቆመ ሰው አረንጓዴ ማሳ ነው የሚያየው። ዋግ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ጠባብ ቦታ፣ ጥቅጥቅ ካለውና እርጥበት ከሚቋጥረው ጥግ ነው የሚነሳው። ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚታይበት ደረጃ ላይ ከደረሰ በጣም ዘግይቷል።

ሦስቱን የዋግ ዓይነቶች በጣት መለየት እንደሚቻል አሳየችኝ። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ጅማቶች መሐል ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ይደረደራል፤ ሲነኩት ቢጫ ዱቄት እጅ ላይ ይቀራል። የቅጠል ዋግ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ነው፤ መስመር የለውም። የግንድ ዋግ ግን እንደ ጡብ የቀላ ነው። ቅጠሉንም፣ ግንዱንም፣ ዛላውንም ይይዛል። የግንዱን ቆዳ ቀዶ ስለሚወጣ ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል። ቢጫው ብርድ ይወዳል፤ የግንዱ ሞቅ ያለ ቀን ይወዳል። ሁሉም ግን ቅጠል ላይ ለሰዓታት የሚቆይ እርጥበት ይፈልጋሉ። ከገቡ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ አዲስ ዱቄት ያወጣሉ። ያንን ዱቄት ነፋስ ተሸክሞ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይወስደዋል።

የማሳው ባለቤት ጠና ያሉ ሰው ናቸው። በኦሮምኛና በአማርኛ እያፈራረቁ አወሩን።

«ኩብሳ በ2003 ጉድ ሠራን» አሉ፤ የስንዴ ዝርያ ነው። «ከዚያ ዲገሉ መጣ። ዋግ አይነካውም ተባለ። እውነትም አልነካውም፤ ለጥቂት ዓመት። በ2006 ግን ዛላው ባዶ ቀረ።»

ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ ማሳ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር፤ በሰፊው የተዘራው ኩብሳ ደግሞ ለዚያ ዋግ ተጋላጭ ነበር። ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ የዞረው ያኔ ነው። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 ተገኝቶ ዓለምን ያስደነገጠውን፣ ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ግን ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ በአርሲና በባሌ ዲገሉን አወደመው። የዩጂ 99 ዘመድ እንኳ አልነበረም።

ሰው ሁሉ «ዝርያው ደከመ» ይላል። ዝርያው ያው ነው፤ የተለወጠው ዋጉ ነው። አንድ ዝርያ ከአድማስ እስከ አድማስ ከተዘራ፣ ያንን ዝርያ መስበር የሚችል አንድ የዋግ ዘር ብቻ ሲነሳ የሚያቆመው ነገር የለም። ስለዚህ ዋግ የሚቋቋም ዝርያ መዝራት ግማሽ መንገድ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት የተለያየ ዝርያ መዝራቱ ሌላው ግማሽ ነው። ይህን ለብቻው የሚወስን ገበሬ ግን የለም። ገበያው፣ የዘር አቅርቦቱና የጎረቤት ወሬ ሁሉንም ወደ አንድ ዝርያ ይገፋሉ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

እሳቸው ማሳ ላይ የታችኛው ቅጠል ጥቂት ቢጫ መስመር ይዟል። የላይኛው ቅጠል ንጹሕ ነው። ፍሬውን የሚሞላው በአብዛኛው የላይኛው ቅጠል ስለሆነ መጠበቅ ያለበት እሱ ነው።

«ልርጭ ወይስ ልጠብቅ?» አሉ።

«ይርጩ፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ» አለች ጓደኛዬ። «ጎረቤትዎም ይርጩ። የእርስዎ ብቻ ከተረጨ ከሳቸው ማሳ ተመልሶ ይመጣብዎታል።»

ከዚያ ስለ መጠኑ ጠየቀቻቸው። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ አንድ መርጫ ውሃ ብቻ ነው የሚጠቀሙት፤ መድኃኒቱንም በክዳን በግምት ይለካሉ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጋ አስረዳቻቸው። እንደ ቲልትና ሬክስ ዱዎ ያሉት የዋግ መድኃኒቶች የተለመደ መጠናቸው ለሄክታር ግማሽ ሊትር ነው። ለጥማድ ሲሰላ 125 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ውሃው ደግሞ ለሄክታር ወደ 200 ሊትር ነው፤ ለጥማድ 50 ሊትር፤ ባለ 20 ሊትር መርጫ ሁለት ተኩል። በአንድ መርጫ ከተጨረሰ ግማሹ ቅጠል አይነካም። ያልተነካው ቅጠል ላይ ያለው ዋግ ደግሞ በሁለት ሳምንት ማሳውን መልሶ ይሞላዋል። ገንዘቡ ወጥቶ፣ ድካሙ ተደክሞ፣ ዋጉ ግን አለ። ከዚያ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይባላል።

እዚያው ቆመን የቀበሌው የልማት ሠራተኛ መጣ። የነፋሱንና የአየሩን ሁኔታ በኮምፒዩተር እየተከታተለ ዋጉ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል የሚተነብይ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ አለ። የአገራችን የግብርና ምርምር ተቋማት፣ የዓለም አቀፉ የስንዴና በቆሎ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ የአየር ትንበያ ተቋም አብረው ያካሂዱታል። ጓደኛዬ ማሳ ላይ የምታየው ሁሉ ተመዝግቦ ለዚሁ ይውላል። የልማት ሠራተኛው ለገበሬዎቹ 8028 ላይ በነፃ ደውለው ምክር እንዲያዳምጡ ሲያስታውሳቸው ነበር።

ሐሙስ፦ በቆጂ

የሯጮቹ አገር ናት፤ ጠዋት ጠዋት መንገዱ ዳር የሚሮጡ ልጆች አሉ። ብርዱ ለስንዴም ለገብስም ይስማማል። ሣር መሰል ለሆኑት አረሞች፣ ለሲናርና ለሙጃም ይስማማል።

እዚህ ያየሁት ችግር አረም ነው። ሰፊ ቅጠል ያላቸውን እንደ መጭ ያሉ አረሞች ቱ ፎር ዲ የተባለው መድኃኒት ያጠፋቸዋል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ለዓመታት እሱ ብቻ ሲረጭ የሣር ወገን የሆኑት ግን ተፎካካሪ አጥተው ተመቻቸው። ሲናር ከስንዴ ጋር እየበቀለ፣ ከስንዴ ጋር እያደገ፣ ቀድሞ ዘሩን ያረግፋል። ምርቱ ከመሰብሰቡ በፊት የሚቀጥለው ዓመት አረም አፈር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ዛላ ከማውጣቱ በፊት ሲናርን ከስንዴ መለየት ለብዙ ሰው ያስቸግራል። አንዲት እናት ለምን ሳይነቅሉት እንደተዉት ስጠይቃቸው «ስንዴዬን የነቀልኩ መስሎኝ እፈራለሁ» አሉኝ። ጓደኛዬ ሁለቱንም ይዛ አሳየቻቸው። ስንዴ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ግንዱን ያቀፉ ትንንሽ ጆሮዎች አሉት። ሲናር የለውም። እናትዮዋ ደጋግመው እየነቀሉ አዩት። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ለእሱም አሳዩት።

የሣር አረም ማጥፊያዎች አሉ፤ ፓላስና ቶፒክ እዚህ በደንብ ይታወቃሉ። ግን መረጨት ያለባቸው አረሙ ገና ጥቂት ቅጠል ሲኖረው ነው። በመስከረም መጨረሻ ምንም አያደርጉም። ሌላም ነገር አለ። በየዓመቱ አንዱን መድኃኒት ብቻ የሚደጋግም ገበሬ፣ ያንን መድኃኒት የሚችሉትን ጥቂት አረሞች እየመረጠ እያራባ ነው። ሌሎቹ ይሞታሉ፤ እነሱ ዘር ይሰጣሉ። ከዓመታት በኋላ ማሳው በሙሉ የእነሱ ልጆች ይሆናል።

ከዚህ የሚያወጣው ባቄላ ነው፤ ወይ አተር፣ ወይ ተልባ፣ ወይ ጎመንዘር። ስንዴ በስንዴ ላይ መዝራቱን አንድ ዓመት ሰብሮ ሌላ ሰብል ማስገባት። ባቄላ ማሳ ውስጥ ሲናር ከሩቅ ይታወቃል፤ ሕፃንም ይነቅለዋል። ባቄላው አፈሩንም በናይትሮጅን ያግዛል። ገበሬዎቹ ይህን ያውቃሉ። ስንዴ በኮምባይነር በአንድ ቀን ይታጨዳል፤ ባቄላ ግን ሰው ይፈልጋል፤ ሰው የለም። ክርክራቸው እውነት አለው። ሆኖም በቆጂ ዙሪያ ባቄላ ያስገቡትንና ያላስገቡትን ማሳዎች ጎን ለጎን አይቻለሁ። ልዩነቱ ማንንም ያሳምናል።

ዓርብ፦ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ ወደ ሮቤ

ከዲንሾ ቁልቁል ወደ ሮቤ ሜዳ ሲወረድ ስንዴው በድንገት ልጅ ይሆናል። ትናንት ያየነው ዛላ አውጥቷል፤ እዚህ ገና ቅርንጫፍ እያወጣ ነው። ባሌ ሁለት የዝናብ ወቅት አለው። «ገና» የሚሉት ሰብል በበልግ ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ ይሰበሰባል። «ቦና» የሚሉት ሁለተኛው ሰብል ያኔ ይዘራል።

ለሰው በረከት ነው። ለዋግም እንዲሁ። ዋግ ሕይወት ያለው ተክል ላይ ካልሆነ አይኖርም። እዚህ ግን ከዓመት እስከ ዓመት አረንጓዴ ስንዴ አያጣም። ከአርሲ የተነሳው ዱቄት ባሌ ሲደርስ ለጋ ሰብል ይጠብቀዋል። ከባሌ የተነሳው ደግሞ በሌላው ወቅት አርሲን ያገኘዋል። በሁለቱ ሰብሎች መሐል ድልድይ የሚሆነው ከአጨዳ የረገፈው ፍሬ በራሱ የሚያበቅለው ስንዴ ነው። የገናው ማሳ ጥግ ላይ እንዲህ ያለ የወፍ ዘራሽ ስንዴ ቆሞ አገኘን። ቅጠሉ በሙሉ ቢጫ ነበር። ከአጠገቡ አዲሱ የቦና ስንዴ አለ። ጓደኛዬ ፎቶ አነሳችው፤ ለባለቤቱም አሁኑኑ አርሰው ገልብጠው አለችው። ቤተሰቡን ሰብስቦ ሊያርሰው ተስማማ።

ከሰዓት በኋላ ሮቤ ዳር የቆሙ ኮምባይነሮች አየሁ። የገናውን አጨዳ ጨርሰው የአርሲን ይጠብቃሉ። አንዱ ሹፌር ሲያጸዳ ደረስን። ከማሽኑ ሆድ የወጣው ገለባ ውስጥ የሲናርና የሙጃ ዘር ሞልቷል። ሳይጸዳ ቢሄድ የባሌ አረም አርሲ ይዘራ ነበር። ሹፌሩ ማሽኑን የሚያጸዳው ባለቤቱ ስላዘዘው ብቻ መሆኑን ነገረን፤ በኪራይ ጥድፊያ የሚያጸዳ ጥቂት ነው። ማሽኑን የሚከራይ ገበሬ «መጀመሪያ ተጸድቶ ይግባልኝ» ማለት መብቱ ነው። ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ የአረም መከላከያ ይኼ ነው።

ቅዳሜ፦ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ

ረጅም መንገድ ነው፤ ብዙ አልቆምንም። ከሻሸመኔ ወዲህ ዘግይቶ የተዘራ በቆሎ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ገባን። የአሜሪካ መጤ ተምች አለ። ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የእሳት እራቷ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ድረስ መብረር ትችላለች፤ በአንድ ቦታም ከ100 እስከ 200 እንቁላል ትጥላለች። ትሉን ለማወቅ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛው ዋይ (Y) ፊደል ምልክት፣ ጭራው አጠገብ ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ነጥቦች ይፈለጋሉ።

ትሉ ወደ በቆሎው እምብርት ከገባ መድኃኒት አያገኘውም። በትንሽ ማሳ እንቁላሉን በእጅ መጨፍለቅ፣ ትሉን ጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ መልቀም ከሁሉ ይሻላል። የማሳው ልጆች ጣሳ ይዘው ሲለቅሙ ነበር። ጎበዞች ናቸው።

እሑድ፦ ዲላ

ከሐዋሳ ደቡብ መልክዓ ምድሩ ሌላ ነው። እንሰት፣ ቡና፣ ትልልቅ ዛፍ፣ ሁሉም በአንድ ጓሮ። የስንዴ ዋግ የለም። እዚህ በሽታ የሚያዛምተው ነፋስ ሳይሆን ቢላ ነው።

የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ሳይንሱ በኢትዮጵያ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታይቶ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ጓሮ አጥፍቷል። መጀመሪያ የመሐል ቅጠሉ ይገረጣል፤ ከዚያ ይንጠለጠላል። ግንዱ ሲቆረጥ ክሬም መሳይ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ለዚህ በሽታ የሚረጭ መድኃኒት የለም። የታመመ እንሰት አይድንም።

ያረፍንበት ቤት እናት ጓሯቸውን አስጎበኙን። ጥግ ላይ አንድ እንሰት ጠውልጓል። ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ለጊዜው ደህና ናቸው።

«በዚህ ሳምንት ቅጠል የቆረጠው ማነው?» አለች ጓደኛዬ።

«ጎረቤት ነው፤ ለከብት ብሎ። ቢላውም የእሱ ነው።»

በሽታው ከጓሮ ጓሮ የሚሄደው በዚህ ነው። የተዋሱት ቢላ፣ ከታመመ እናት ተክል የተወሰደ ችግኝ፣ የታመመ ቅጠል የበላ ከብት። ፍልፈልም ሥሩን እየነከሰ የበኩሉን ያደርጋል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አድካሚ ነው። የታመመው ከነሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ሳይጎተት እዚያው ይቀበራል። ቢላው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በእሳት ነበልባል ይተኮሳል፤ ወይ በበረኪና ይታጠባል። ችግኝ ከሚታወቅ ጤነኛ ጓሮ ብቻ ይመጣል። ማዚያን የመሰሉ በሽታውን ሻል አድርገው የሚቋቋሙ የእንሰት ዓይነቶችም አሉ።

እናትዮዋ ጎረቤታቸውን አስጠሩት። ሳይቆጡ፣ ሳይወቅሱ፣ የጠወለገውን አሳዩትና አብረው ቆፈሩ። አንድ እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንሰት የሞተበት ቤት የዓመታት ልፋት ነው የሚያጣው። ያንን ጉድጓድ ሲቆፍሩ ማየት ከባድ ነበር።

ሰኞ፦ ይርጋጨፌ

ቡናው አሁን ጮርቃ ነው። ጮርቃውን የሚያጠቃው ሻጋታ መጀመሪያ የታወቀው በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ይሰፋል፤ ፍሬው ጠቁሮ ይደርቃል። ከፍ ያለ፣ ቀዝቃዛና ዝናባማ ቦታ ላይ ይብሳል።

ለዚህ በሽታ የተሰጠው መልስ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ባለሙያዎች በዱርና በጓሮ እየዞሩ፣ ሁሉም ታሞ ብቻውን ጤነኛ የቆመውን የቡና ዛፍ ፈለጉ። ከጅማ ምርምር ማዕከል ከወጡት የቡና ዝርያዎች ውስጥ 74110 እና 74112 ዛሬም በብዙ ጓሮ አሉ። መጀመሪያው ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ 1974 እ.ኤ.አ.። ሁለቱም ኢሉባቦር መቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው። መድኃኒቱ እዚሁ አገር ጫካ ውስጥ ነበር። ጫካው ሲመነጠር ገና ያላየነውን በሽታ የሚቋቋም ዛፍም አብሮ ይቆረጣል። ስለዚህ ኩሩሜና ወልሾን የመሰሉትን የአካባቢውን ነባር ቡናዎች ጨርሶ ነቅሎ በአንድ ቁጥር መተካት ትክክል አይመስለኝም። ዲገሉ በአርሲ የደረሰበት እዚህም ሊደርስ ይችላል። ቀላቅሎ መትከል ይሻላል።

አንድ ወጣት ገበሬ የደረቁ ዛፎች አሳየን። ፍሬው ብቻ ሳይሆን ዛፉ በሙሉ በአንድ ጎን ጀምሮ ደርቋል። ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ቡናውን በግንዱ ገብቶ የሚያደርቀው ፊውዛሪየም የተባለ ሻጋታ። ጓደኛዬ ቅርፊቱን ስትልጥ ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሯል። የሚገባው በቁስል ነው። ልጁ አረም የሚመነጥርበትን ገጀራ አምጣ አለችው። ግንዶቹ ሥር በገጀራ የተመቱ ጠባሳዎች ነበሩ።

ተነጋግረው የወሰኑት ይህ ነው። የደረቁትን በዚህ ሳምንት ከነሥራቸው ነቅሎ እዚያው ባሉበት ያቃጥላል፤ ለማገዶ ወደ ቤት አይጎትትም። በግንዶቹ ዙሪያ ያለውን አረም ከእንግዲህ በእጅ ይነቅላል፤ ገጀራ የሚጠቀመው በረድፎቹ መሐል ብቻ ነው። ከታመመ ወደ ጤነኛ ሲሻገርም ገጀራውን በእሳት ይተኩሳል። ባዶ በሚቀረው ቦታ ቡና ቶሎ አይተክልም። የሚተክልበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ግማሹን ከአባቱ ጓሮ ጤነኛ ኩሩሜ፣ ግማሹን 74110 ሊያደርግ አስቧል።